ልጅ እምቢ ሲል አንገትም ይጠየቅ

ባለፈው ክረምት፣ አንድ አመሻሽ ላይ፣ አንዲት ሴት ወደ መድኃኒት ቤቱ ገባች። የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት ሱቆች በአንዱ። የሰፈሩ ጭቃ ጫማዋን ደብቆታል። ወፍራም ሹራብ ለብሳ፣ በላዩ ነጠላ ደርባ፣ እጆቿን ብብቷ ሥር ሸጉጣለች። ቀኑ ይቀዘቅዛል፤ እንደዚያ የሚያስጠቀልል ግን አልነበረም።

"እህቴ፣ ለሆድ ድርቀት የሚሆን አለሽ?" አለችኝ። ሰጠኋት። ቀጥላ ለሚረግፍ ፀጉር ቫይታሚን ጠየቀች። ከዚያ ዞር ዞር ብላ ሰው አለመኖሩን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። እንቁላል የሚያስወጣውን ኪኒን ያለ ሐኪም ወረቀት ትሸጭልኛለሽ ወይ አለችኝ።

"እስቲ ቁጭ በይ" አልኳት።

ካገባች አራተኛ ዓመቷ ነው። አልትራሳውንድ ሁለቴ ታይታ "ማህፀንሽ ምንም የለበትም" ተብላለች። ፀበል ተጠምቃለች። አማቷ ከገጠር ሥር አስመጥተው አጠጥተዋታል። የወር አበባዋ ሲቀር ሁለት ወር ይቀራል፤ ሲመጣ ደግሞ ስምንት ቀን ሙሉ ይፈሳል። ጠዋት ከአልጋ ከተነሳችበት ሰዓት ጀምሮ ይደክማታል። ስለ ታይሮይድ ተመርምራ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት።

"እሱ እንቅርት አይደል እንዴ? የኔ አንገት ደህና ነው" አለችና አንገቷን ዳበስ አደረገች።

ይህን ለመጻፍ ያሰብኩት ያኔ ነው። አንገት ሳያብጥም ታይሮይድ ይታመማል። ታይሮይድ ሲታመም ደግሞ የወር አበባ ይዛባል፣ እርግዝና ይዘገያል፣ የተያዘ ፅንስም ሊወርድ ይችላል። በአንድ ብልቃጥ ደም የሚታወቅ ነገር ነው። ሆኖም ስንት ሴት ሳይጠየቅላት "መካን" የሚለውን ስም ተሸክማ ትኖራለች።

ካቦው ሲጮህ

ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብላ፣ የአየር ቧንቧን አቅፋ የተቀመጠች እጢ ናት። ግራና ቀኝ ክንፍ ስላላት በቢራቢሮ ይመስሏታል። የአዋቂ ሰው ታይሮይድ ከ15 እስከ 25 ግራም ብትመዝን ነው። አራት አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በሉት።

የምታመርተው በዋናነት ሁለት ሆርሞን ነው፤ ቲ 4 እና ቲ 3። ቁጥሮቹ በውስጣቸው ስንት የአዮዲን ቅንጣት እንዳለ ነው የሚናገሩት። ቲ 4 በብዛት ይመረትና ሰውነት ውስጥ አንድ አዮዲን ተነስቶለት ቲ 3 ይሆናል። ሥራውን የሚሠራው ቲ 3 ነው። ለልብ፣ ለአንጀት፣ ለቆዳ፣ ለአንጎል፣ እንቁላል ለሚያመርቱት እንቁልጢዎችም ጭምር በምን ፍጥነት መሥራት እንዳለባቸው ይነግራቸዋል። ሆርሞኑ ሲያንስ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል። ሲበዛ ሁሉም ነገር ይጣደፋል። የዚያች ሴት ብርድ፣ የሆድ ድርቀት፣ የፀጉር መርገፍና ድካም አራት የተለያየ በሽታ መስሎ ታይቷታል። ከአንድ ቦታ ሊመጣ ይችላል።

ታይሮይድ ግን በራሷ ፈቃድ አትሠራም። የኛ ሰፈር ግንባታ የማይቋረጥበት ስለሆነ በዚያው ላስረዳችሁ። ታይሮይድን ግንበኛ አድርጓት። ከአንጎል ሥር የተንጠለጠለች፣ አተር የምታክል ፒቱታሪ የምትባል እጢ አለች። እሷን ካቦ አድርጓት። ካቦው ቀኑን ሙሉ ሥራውን ያያል። ግንበኛዋ ስትዘገይ ይጮህባታል። ሥራው ሲበቃ ዝም ይላል። ያ ጩኸት በደም ውስጥ ሲለካ ቲ ኤስ ኤች ይባላል።

ስለዚህ የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ቲ ኤስ ኤች ከፍ ብሎ ከወጣ ታይሮይድ ደክማለች ማለት ነው። ካቦው የሚጮኸው ሥራ ስለጎደለ ነውና። ዝቅ ካለ ደግሞ ታይሮይድ ከልክ በላይ እየሮጠች ነው፤ ካቦው የሚለው አጥቷል። ይህቺን ብዙ ሰው ይገለብጣታል። ወረቀት ይዘው መጥተው "ታይሮይዴ በጣም በዛ አሉኝ" የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ ወረቀቱን ስናየው ታይሮይዷ አንሳለች። አብዛኞቹ ላብራቶሪዎች ደህና የሚሉት ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ያለውን ነው። መለኪያው ከቦታ ቦታ ትንሽ ስለሚለያይ ከውጤታችሁ አጠገብ የተጻፈውን የዚያኑ ቤት መነሻና መድረሻ እዩ።

ከአንገት ወደ ማህፀን

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ከካቦው በላይ ኢንጂነር አለ። ሃይፖታላመስ ይባላል፤ የአንጎል ክፍል ነው። ታይሮይድ ስትደክም እሱም ከላይ ሆኖ ይጮሃል። ችግሩ፣ የኢንጂነሩን ድምፅ የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ፒቱታሪ ውስጥ የጡት ወተት ሆርሞን የሚያመርቱ ሌሎች ሠራተኞች አሉ። ሆርሞኑ ፕሮላክቲን ይባላል። እነሱም ጩኸቱን ሰምተው "ለኛ ነው" ብለው ሥራ ይጀምራሉ።

የምታጠባ እናት የወር አበባዋ የሚዘገየው በዚሁ መንገድ ነው። ሕፃኑ ሲጠባ ፕሮላክቲን ይወጣል። ፕሮላክቲን ከፍ ሲል እንቁላል እንዲወጣ የሚያዘው የአንጎል መልእክት ይዳከማል። ሰውነት "አሁን አንድ ልጅ ይዣለሁ፣ ሌላው ይቆይ" የሚል ይመስላል። ታይሮይዷ የደከመች፣ ልጅ ግን ያልወለደች ሴት ላይም ያው ነገር ይደርሳል። እቅፏ ባዶ ሆኖ ሰውነቷ እንደ አጥቢ እናት ይሠራል። አንዳንዷ ጡቷን ስትነካው ወተት የመሰለ ነገር ይወጣታል። ደንግጣ ለማንም ሳትናገር ትቀመጣለች። እህቴ፣ ይህ ከታየብሽ ለሐኪም ንገሪ። ትልቅ ፍንጭ ነው።

እንቁላል ካልወጣ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። እንቁላል ሲወጣ ብቻ ነው ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን በደንብ የሚመረተው። የእሱ ሥራ የማህፀኑን የውስጥ ሽፋን ማርጋትና ለፅንስ ማዘጋጀት ነው። እሱ ከሌለ ሽፋኑ ኤስትሮጅን በሚባለው ሌላው የሴት ሆርሞን ብቻ እየተገፋ ይወፍራል። ያለ ቀጠሮው ይፈርሳል። ሁለት ወር ቆይቶ ሲመጣ እንደ ጎርፍ የሚሆነው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ታይሮይድ ስታንስ ደም የሚያረጉ ነገሮችም ይቀንሳሉ። ደሙ በዛ፣ ደም ማነስ መጣ፣ በፊትም የደከመው ሰውነት ባሰበት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው፤ ተረቱ እዚህ ቦታ ቃል በቃል ይሠራል።

ሌላም መንገድ አለ። የሴትና የወንድ ሆርሞኖችን በደም ውስጥ ተሸክሞ የሚዞር ፕሮቲን ጉበት ያመርታል። ታይሮይድ ስታንስ ይህ ተሸካሚ ይቀንሳል፣ ስትበዛ ይጨምራል። ተሸካሚው ሲለዋወጥ የሆርሞኖቹ ሚዛን ይናጋል። እንቁላል በየወሩ የሚወጣላት ሴት ላይ እንኳ ታይሮይድ ስታንስ ሁለተኛው የወሩ አጋማሽ ሊያጥርና ፅንሱ የሚያርፍበት ጊዜ ሊያጣ ይችላል።

ስትበዛስ? መልኩ ሌላ ነው። ሴትዮዋ በደንብ እየበላች ትከሳለች። ልቧ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊት ያልባታል፣ እንቅልፍ ያጥራታል። አንዳንዷ ዓይኗ ወደ ውጭ ይወጣል። የወር አበባዋ ትንሽ ጠብታ ይሆናል ወይም ይቀራል። በየሰፈሩ የከሳ ሰው ላይ ምን እንደሚወራ ሁላችንም እናውቃለን። ሐሜቱን ፈርታ ሕክምና ሳትሄድ የቆየች ሴት አጋጥማኛለች። በሽታው የሚታከም ነው። ሳይታከም ማርገዝ ግን ለእናትም ለፅንስም አደገኛ ስለሆነ ቀድሞ ማስተካከል ያስፈልጋል። የምትወስደው መድኃኒት ካለ ለማርገዝ ማሰብሽን ለሐኪምሽ አስቀድመሽ ንገሪ። ፒ ቲ ዩ እና ካርቢማዞል የሚባሉት ሁለቱ መድኃኒቶች ለመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት እኩል አይመረጡም። ምርጫው ሊቀየር ይችላል።

ሰውነት ራሱን ሲወጋ፣ ጨው ሲጎድል

በዓለም ላይ የታይሮይድ ችግር ሴቶችን ከወንዶች ከ5 እስከ 8 እጥፍ ይበልጥ ያጠቃል። ትልቁ ምክንያት የሰውነት የራሱ መከላከያ ነው። ጀርም መግደል የነበረበት ወታደር ታይሮይድን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይወጋታል። ቀስ በቀስ የሚያዳክማት በሽታ ሃሺሞቶ ይባላል፤ በ1912 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለመጀመሪያ ጊዜ በጻፈው በጃፓናዊው ሐኪም በሃካሩ ሃሺሞቶ ስም ነው የተሰየመው። ሌላው ግሬቭስ ነው፤ እሱ ደግሞ ታይሮይድን ያለ ፋታ እንድትሠራ ይገፋታል። ሁለቱም በቤተሰብ ይሄዳሉ። እናትሽ ወይም እህትሽ ታይሮይድ ካለባቸው ይህን ለሐኪም መናገር ይገባል።

እኛ አገር ላይ ግን ሌላ የቆየ ታሪክ አለ። አዮዲን።

አዮዲን በባሕርና ከባሕር በሚመጣ ምግብ ውስጥ ሞልቷል። ደጋ አገር ላይ ግን ዝናብና ጎርፍ ለዘመናት ከአፈሩ አጥቦ ወስዶታል። አፈሩ ከሌለው እህሉም የለውም፣ ሣሩም የለውም፣ የላሟም ወተት ይጎድለዋል። አያቶቻችን ዘንድ እንቅርት የተለመደ ነገር የሆነው ለዚህ ነው። ታይሮይድ የምትሠራበት ዕቃ ስታጣ፣ ካቦው ሲጮህባት፣ ትችለው ይመስል ትገዝፋለች። እንቅርት ማለት ያ ነው።

መፍትሔው ጨው ነው። የኢትዮጵያ ጨው በብዛት የሚመጣው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ነው። በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ያስገድዳል። አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልገዋል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት 250 ያስፈልጋታል። ይህን ለማግኘት ጨው ማብዛት አያስፈልግም፤ በቀን ከ5 ግራም በታች የሆነው የሚመከረው ጨው አዮዲኑን ከያዘ ብዙውን ይሸፍናል።

አዮዲኑን ከያዘ ነው ያልኩት። የሰፈራችንን ሴቶች ጨው አቀማመጥ አይቻለሁ፤ የራሴም እንደዚያው ነበር። ጨዉ ከፌስታሉ ወጥቶ ክዳን በሌለው ጣሳ ይገለበጣል። ጣሳው ምድጃው አጠገብ፣ እንፋሎቱ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል፤ ወይም መስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ። እርጥበት፣ ሙቀትና ብርሃን አዮዲንን ያባርሩታል። ወጡ ገና ሽንኩርቱ ሲቁላላ የሚጨመር ጨው ደግሞ ከወጡ ጋር ረጅም ሰዓት ይፈላል። እኔ አሁን ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ። ወጡ ሊወርድ ሲል እጨምራለሁ። ገበያ ላይ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ በጣሳ የሚሸጠውን ትቼ የታሸገና አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን እገዛለሁ።

ጎመን ታይሮይድ ያበላሻል ሲባል ሰምተው የሚጨነቁም አሉ። ጥሬ ጎመንና ጥቅል ጎመን በጣም ሲበዛና አዮዲን ሲጎድል ችግር ሊሆን ይችላል። እኛ የምንበላው የበሰለ ነው። የምትወጂውን ጎመን ብዪ።

አዮዲን ሲበዛም ታይሮይድን ይረብሻል። ስለዚህ የአዮዲን ጠብታና እንክብል በራስ ፈቃድ አይወሰድም። ሃሺሞቶ ያለባትን ሴት አዮዲን መጨመር አያድናትም፤ ሊያባብስባትም ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት

ፅንስ የራሱ ታይሮይድ ሆርሞን ማምረት የሚጀምረው 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው። እሱም ቢሆን ገና ትንሽ ነው፤ በደንብ የሚቆመው የእርግዝናው አጋማሽ ሲደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ አንጎሉ የሚሠራው ከእናቱ በሚያገኘው ሆርሞን ነው። የእናቱ ታይሮይድ ለሁለት ሰው ትሠራለች። ጤነኛ ታይሮይድ ይህን ትችለዋለች። የደከመች አትችለውም። ያልታከመ ከባድ የታይሮይድ ማነስ ፅንስ እንዲወርድ፣ ልጅ ያለ ጊዜው እንዲወለድ፣ የእናት ደም ግፊት እንዲጨምር፣ የልጁ አእምሮ እድገትም እንዲጎዳ ሊያደርግ ይችላል።

ለዚህ ነው ቀድሞ መታወቁ የሚጠቅመው። ብዙ ሴት ማርገዟን የምታውቀው ስድስተኛው ሰባተኛው ሳምንት ላይ ነው። የመጀመሪያ ክትትል የምትሄደው ደግሞ ከዚያም ዘግይታ ነው። እኛ ሰፈር ጤና ጣቢያው ድረስ ሁለት ባጃጅ የሚቀየርበት ቦታ አለ፤ አራተኛ ወር ላይ የምትሄድ ብዙ ናት። ያን ጊዜ ወሳኙ ሦስት ወር አልፏል።

ታይሮይዷ ደክማ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካውን ኪኒን፣ ታይሮክሲንን፣ የምትወስድ ሴት ካረገዘች የሚያስፈልጋት መጠን በአብዛኛው ከሩብ እስከ ግማሽ ይጨምራል፤ ያውም ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጀምሮ። ስለዚህ የወር አበባዋ የቀረ ዕለት መመርመርና በዚያው ሳምንት ለሐኪሟ መደወል አለባት። "ለልጁ እንዳይጎዳው" ብላ መድኃኒቷን ያቆመች ሴት አውቃለሁ። ጎረቤቷ ናት የመከረቻት። ታይሮክሲን ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን ነው፤ ልጁን የሚጎዳው መጉደሉ ነው። እባካችሁ ይህን ለምታውቋት ሁሉ ንገሩ።

አራስ ቤት

ስለ ወለደች ሴትም ልናገር። ከ100 ወላድ 5 ያህሉ ከወለዱ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ታይሮይዳቸው ይቆጣል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ የተጠራቀመው ሆርሞን ይፈስና ሴትዮዋ ትጣደፋለች፤ ልቧ ይመታል፣ ትበሳጫለች፣ እንቅልፍ ያጣታል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ይገለበጣል። ትደክማለች፣ ትፈዛለች፣ ታለቅሳለች፣ ፀጉሯ ይረግፋል።

ቤተሰብ ምን ይላል? "ብርድ መታት።" "ገላዋን ቶሎ ታጥባ ነው።" "ሰው አይቷት ነው።" አጥሚቱ ይጨመራል፣ ገንፎው ይጨመራል። እንክብካቤው መልካም ነው፤ የአራስ ወግ ካሉን ቆንጆ ነገሮች አንዱ ነው። ግን የአራስነት ድካም ከስድስት ወር በኋላም እየባሰ ከሄደ ደም ይታይላት። የድብርትም በሽታ ሊሆን ይችላል፣ የታይሮይድም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም አብረው ሊሆኑ ይችላሉ። አብዛኞቹ በዓመት ውስጥ ይድናሉ። አንዳንዶቹ ግን ታይሮይዳቸው እንደደከመ ይቀራል። ቀጣዩ ልጅ "እምቢ ሲላቸው" ምክንያቱ እዚያ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ታይሮይድ አይደለም

ይህን ሁሉ ጽፌ ልጅ ያጣ ሁሉ ታይሮይድ አለበት ብላችሁ እንዳታስቡ። የማህፀን ቱቦ በቆየ ኢንፌክሽን ይዘጋል። እንቁልጢ ላይ ብዙ ትናንሽ ከረጢት የሚታይበት የሆርሞን መዛባት አለ፤ ምልክቱ ከታይሮይድ ጋር ስለሚመሳሰል ሐኪም ሁለቱንም ያያል። ዕድሜ አለ።

ባልም አለ። ልጅ ካጡ ባልና ሚስት መካከል ግማሽ በሚጠጉት የወንዱም ድርሻ አለበት። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ከሴቷ ምርመራዎች ሁሉ ይቀላል። አራት ዓመት ሙሉ ሚስት ብቻዋን ስትንከራተት፣ ስትጠመቅ፣ ሥር ስትጠጣ ባልየው አንዴም ሳይመረመር መቅረቱ ያሳዝነኛል። እናቶችም አማቾችም ይህን ይስሙልን።

የሦስት ወር መርፌ ነገርም አለ። "መርፌው ማህፀኔን አደረቀው" ትላለች ብዙ ሴት። መርፌው ታይሮይድን አያበላሽም፣ መካንም አያደርግም። ነገር ግን ከሰውነት ለመውጣት ጊዜ ይወስዳል። ካቆሙት በኋላ የሚያረግዙት ሴቶች ግማሾቹ ከመጨረሻው መርፌ አንስቶ 10 ወር ገደማ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ያቆመች ሴት መጀመሪያ ጥቂት ትታገስ።

ደግሞ አለች ታይሮይዷ በደንብ እየሠራች፣ በደሟ ግን ታይሮይድን የሚወጋው ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባት ሴት። ለእንዲህ ያለችው ታይሮክሲን መስጠት ልጅ ለማግኘት ይረዳት ይሆን ተብሎ እንግሊዝ አገር ውስጥ ከ900 በላይ ሴቶች ላይ ተጠንቶ በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውጤቱ ታተመ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 37.4 ከመቶ በሕይወት ያለ ልጅ ወለዱ። ካልወሰዱት 37.9 ከመቶ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ኪኒኑ ለጎደለው የሚሞላ ነው፤ ላልጎደለው የልጅ መድኃኒት አይሆንም። የጎረቤት ታይሮክሲን ተካፍሎ መዋጥ፣ ለመክሳት ብሎ መዋጥ ደግሞ ልብን ይጎዳል። ያለ ወረቀት የማልሸጠው ለዚህ ነው።

ሐኪሞች ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክረው ካልሆነ ምርመራ ይጀምሩ ይላሉ። ሴቷ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ስድስት ወር ይበቃል። የወር አበባዋ የተዛባ፣ ፅንስ በተደጋጋሚ የወረደባት፣ ወይም አንገቷ ላይ እብጠት ያላት ግን ምንም መጠበቅ የለባትም። ብዙ ጤና ጣቢያ የታይሮይድ ምርመራ ስለማይሠራ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ግል ላብራቶሪ ይላካሉ። መጀመሪያ የሚበቃው ቲ ኤስ ኤች ነው፤ እሱ ከተዛባ ነፃው ቲ 4፣ ማለትም በደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ሳይጣበቅ የሚዞረው፣ ይታያል። የወር አበባዋ ከቀረባት ፕሮላክቲንም አብሮ ቢታይ ጥሩ ነው። ለታይሮይዱ መጾም አያስፈልግም። የፀጉር ቫይታሚን የምትወስድ ሴት ግን ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብላ ታቁም። በውስጡ ያለው ባዮቲን ውጤቱን ያሳስታል። ያቺ ደንበኛዬ ቫይታሚኑን ያልሸጥኩላት ለዚህ ነበር።

ከዚህ ሁሉ አልፎ መፍትሔ ላላገኙ በመንግሥት በኩል ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ።

ኪኒኗና ጀበናው

ሴትዮዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ቲ ኤስ ኤች ከመድረሻው በብዙ እጥፍ ከፍ ብሏል። ሐኪሟ ታይሮክሲን ጽፈውላታል። ትንሽ ነጭ ኪኒን፤ ከምስር ብዙም አትበልጥም። "ይህቺ ናት?" አለችኝ። ከጠበቀችው ስላነሰችባት ይመስለኛል።

አወሳሰዱን ቀስ ብዬ ነገርኳት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። ኪኒኗ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በንጹህ ውኃ ብቻ ትዋጣለች። ከዚያ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ምንም አይቀመስም። ሻይም ቢሆን፣ በተለይ ቡና። ቡና ኪኒኗን አንጀት ውስጥ ይይዛትና ወደ ደም እንዳትገባ ያደርጋታል። የደም ማነስ ኪኒን እና ካልሲየም ከእሷ ጋር አይዋጡም፤ አራት ሰዓት መራቅ አለባቸው። ይህ ለነፍሰ ጡሮች ትልቅ ነገር ነው፤ የክትትል ጊዜ የሚሰጣቸውን የአይረን ኪኒን ከታይሮክሲኑ ጋር አብረው ይውጡታል። ሁለቱንም "ወስጃለሁ" ይላሉ፣ አንዱ ግን አልሠራም።

ደግሞ በአንድ ሳምንት ለውጥ አይጠበቅም። ሆርሞኑ ደም ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ደም ይደገምና መጠኑ ይስተካከላል። ለማርገዝ የምትሞክር ሴት፣ በሕክምና ላይ እያለች፣ ቲ ኤስ ኤችዋ ከ2.5 በታች እንዲሆን ሐኪሞች ይሞክራሉ። የወር አበባ መስመር ለመያዝ ደግሞ ተጨማሪ ወራት ሊፈልግ ይችላል።

ሁሉን ሰምታ ስታበቃ ፊቷ ጠቆረ።

"ቡናው ነው የከበደኝ" አለች። "ጠዋት አማቴ ሳይጠጡ ቤቱ አይከፈትም። እኔ ካልጠጣሁ ደግሞ ምን ሆነች ይባላል።"

ትንሽ አሰብን። ከዚያ ራሷ አገኘችው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስትነሳ ኪኒኗን ትውጣለች። ቡናውን ታጥባለች፣ ከሰል ታቀጣጥላለች፣ ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ጀበናውን ትጥዳለች። አቦል ወርዶ እስኪቀዳ ሰዓቱ ይሞላል።

"ቀስ ብዬ ነው የምቆላው" አለችኝ፣ ኪኒኑን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች።